የሕፃን መቃብር ሐውልት፦ የአዲስ አበባ ድንጋይ ሠሪዎች ሥራ ሲገመገም

ፍርዱን ከፊት እናስቀምጠው። በአዲስ አበባ ለሕፃን መቃብር ከሚቀርቡት ሐውልቶች ሁሉ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው አንድ ዓይነት ነው፤ 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጋደም ያለ ጥቁር ግራናይት፣ ጽሑፉ በአሸዋ ግፊት (ሳንድብላስት) የተቦረቦረ፣ ፎቶው በምድጃ የተተኮሰ ሴራሚክ። በብዛት የሚሸጠው ግን ይህ አይደለም። የሚሸጠው ባለ ሁለት ሳንቲ ነጭ እምነበረድ፣ በወርቅማ ቀለም የተሞላ ጽሑፍ፣ ከራሱ ላይ ክንፍ ያለው መልአክ፣ መካከሉ ላይ በፕላስቲክ የታተመ ፎቶ ያለው ነው። በአርባው ቀን ሲገለጥ ዓይን ይስባል። ሁለተኛው ክረምት ሲያልፍ ወርቁ ቡናማ ይሆናል፣ ፎቶው ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ ድንጋዩም ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል።

የሕፃን ሐውልት ከአዋቂው የሚለየው በመጠን ብቻ አይደለም። አዋቂ ተመራርጦ የሚወጣ ብዙ ፎቶ አለው፤ የሁለት ዓመት ልጅ ያለው በስልክ የተነሣ፣ አብዛኛውም ሲሮጥ የተያዘ ነው። ለአራስማ አንዲት ብዥ ያለች ምስል ብቻ የምትገኝበት ጊዜ አለ። አዋቂ ማዕረግና የሕይወት ታሪክ ይጻፍለታል፤ ሕፃን ስሙ፣ ሁለት ቀኖችና አንድ ቃል ናቸው የሚጻፉለት፤ ስለዚህ አንድ ፊደል ቢሳሳት የሚደበቅበት የለም። እናትና አባት በዚያ ሰሞን ድንጋይ የሚመረምር ልብ አይኖራቸውም። ብዙውን ጊዜ ሄዶ የሚያዝዘው አጎት፣ የክርስትና አባት ወይም የእድር ሰው ነው። ይህ ግምገማ ለእሱ የተጻፈ ነው።

ድንጋይ ቤት ከመግባትዎ በፊት የደብሩን ጽሕፈት ቤት ያነጋግሩ። ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የቆመ ሐውልት ይፈቀዳል ወይስ ጋደም ያለ ብቻ? ከመሬት ስንት ሳንቲ ድረስ? ቦታውስ ለዘለቄታው ነው ወይስ ለተወሰነ ዓመት? በአንዳንድ ደብር የመቃብር ቦታ ከዓመታት በኋላ እየተነሣ ለሌላ ይሰጣል፤ ይህን ሳያውቁ በኮንክሪት የተጣበቀ ትልቅ ድንጋይ ማሠራት ድንጋዩ አንድ ቀን ተሰብሮ እንዲነሣ መፍቀድ ነው። ቅርጽ ያለው መልአክና ጠቦት የማይቀበሉ ደብሮችም አሉ። አስቀድሞ ካልተጠየቀ ሐውልቱ በር ላይ ይቆማል።

ቀብሩ ፉካ (በግንብ ውስጥ የተሠራ የመቃብር ሣጥን ማስገቢያ) ውስጥ ከሆነ ሥራው ቀለል ይላል፤ የሚያስፈልገው የፊት መዝጊያ ሰሌዳ ብቻ ነው። የፉካው አፍ ግን አራት ማዕዘን መስሎ አራት ማዕዘን አይደለም። ወርዱን ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ይለኩ፤ ቁመቱንም እንዲሁ። ትንሹን ልኬት ይዘው በየጎኑ 5 ሚሊ ሜትር ይቀንሱ። ሰሌዳው የሚታሰርበት ብሎን የማይዝግ ብረት ይሁን፤ ተራ ብሎን ዝገቱን በድንጋዩ ላይ ያወርዳል።

ለሙስሊም ቤተሰብ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው አያስፈልግም። መቃብሩ ከስንዝር በላይ ከፍ እንዳይል፣ ምስልም እንዳይኖርበት ስለሚመከር፣ ለምልክት ያህል የምትቆም አንዲት ድንጋይ ትበቃለች። የመሠረቱና የድንጋይ ምርጫው ነገር ግን ለሁሉም አንድ ነው።

ወደ ድንጋዩ እንምጣ። ነጩ እምነበረድ፣ በተለይ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚመጣው የዳለቲ እምነበረድ፣ መልኩ ደስ ይላል፤ ለሕፃንም ነጭ ይስማማል የሚለውን ስሜት መናቅ አይቻልም። ችግሩ ተፈጥሮው ነው። እምነበረድ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ አሲድ ያለበት ነገር ሁሉ ይበላዋል፤ የሎሚ ጠብታ እንኳ የተወለወለውን ገጽ ያፈዝዘዋል። ከ1 እስከ 10 በሚሄደው የድንጋይ ጥንካሬ መለኪያ (ሞህስ) ከ3 እስከ 4 ላይ ሲገኝ ግራናይት ከ6 እስከ 7 ላይ ነው። ውጭ በቆመ እምነበረድ ላይ ጥልቀት የሌለው ጽሑፍ ከዓመታት በኋላ በጣት ካልተዳሰሰ አይነበብም። ቤተሰቡ የግድ ነጭ ከፈለገ ውፍረቱን 3 ሳንቲ፣ የፊደሉን ጥልቀት ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ያድርጉ፤ የሚነጠፍበት ሲሚንቶም ነጭ ሲሚንቶ ይሁን። በግራጫ ሲሚንቶ ላይ የተነጠፈ ነጭ እምነበረድ እርጥበቱ ከሥር እየሳበ ግራጫና ቢጫ ደመና ያወጣል፤ ያ ደመና ታጥቦ አይለቅም።

ግራናይት ከባቢሌ በኩል የሚመጣም ሆነ ከውጭ የገባ ለመቃብር የተሻለ ድንጋይ ነው። ፎቶ በሌዘር ለማስቀረጽ ከፈለጉ ግን ጥቁሩ ብቻ ያዋጣል። በጥቁሩ ላይ ያለው ማጭበርበር ቀለም ነው፤ ግራጫ ድንጋይ ዘይትና ቀለም ጠጥቶ ጥቁር ሆኖ ይቀርባል፣ ከአንድ ሁለት በጋ በኋላም ወደ ግራጫው ይመለሳል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ነጭ ጨርቅ ላይ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን አድርገው የድንጋዩን ጠርዝና ጀርባ ይጥረጉ፤ ጨርቁ ከጠቆረ ይለፉት። ሎሚውንም በዚያው ይሞክሩ፤ ግራናይት ነው ተብሎ የተሰጠዎት ቁራጭ ላይ ጠብታው አረፋ ካወጣ ወይም ካፈዘዘው ግራናይት አይደለም። በቁራጭ ላይ እንጂ በተሠራው ላይ አይሞክሩ።

ውፍረትም ይጭበረበራል። ጠርዙ ላይ ቀጭን ቁራጭ ከሥር ተለጥፎ ባለ ሁለት ሳንቲው ድንጋይ ባለ አራት ይመስላል። ጠርዙን በብርሃን አጋድመው ሲያዩት የማጣበቂያው መስመር እንደ ክር ይታያል። ሚዛንም ይረዳል፤ 80 በ50 ሳንቲ የሆነ ባለ 3 ሳንቲ ግራናይት ወደ 32 ኪሎ ይመዝናል፣ ባለ ሁለቱ ግን 22 አይሞላም። አንድ ሰው ብቻውን ብድግ አድርጎ ከጫነው ይጠርጥሩ።

መጠኑን በተመለከተ የድንጋይ ቤቱ ሰው ትልቁን ይገፋፋል፤ ሒሳቡ በካሬ ስለሆነ። የሕፃን መቃብር ርዝመቱ አንድ ሜትር አካባቢ ነው። 80 በ50 ከበቂ በላይ ነው፤ ለአራስ 60 በ40 ይበቃል። ልብ ቅርጽ፣ ደመና ቅርጽ፣ የተከፈተ መጽሐፍ ቅርጽ የሚሉት ሁሉ የመቁረጫ ሰዓት ስለሚጨምሩ ዋጋውን ይሰቅላሉ፤ ሹል ማዕዘናቸውም መጀመሪያ የሚሰበረው እሱ ነው። የተረፈው ገንዘብ በልጁ ስም ሌላ ነገር ሊሠራበት ይችላል፦ ለደብሩ መጋረጃ ወይም የቅዳሴ መጽሐፍ፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት ወንበር፣ ለሰፈሩ ትምህርት ቤት የሕፃናት መጻሕፍት። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በለንደን ነርስነት የተማረችው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ እ.ኤ.አ. በ1942 በ22 ዓመቷ ስታርፍ፣ ስሟ የቀረው በአዲስ አበባ በተሠራላት መታሰቢያ ሆስፒታል ነበር፤ ኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የሆነው ነው።

አሁን ወደ ፎቶው። ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚባክነው፣ ልብም የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው። «ሴራሚክ ፎቶ» ተብሎ የሚሸጠው ሁለት ፈጽሞ የተለያየ ዕቃ ነው። አንደኛው ምስሉ በሴራሚክ ቀለም ተሠርቶ በ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ምድጃ ውስጥ የተተኮሰ፣ ቀለሙ ከሴራሚኩ የብርጭቆ ሽፋን ጋር የቀለጠ ነው። ሌላው በነጭ ሰሌዳ ወይም በአሉሚኒየም ላይ በተራ ቀለም ታትሞ ከላይ ማንጸባረቂያ የተቀባ ነው። ሱቅ ውስጥ ሲታዩ መንታ ናቸው። እንዲያውም የታተመው ደመቅ ይላል። ነገር ግን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ፀሐይዋ ቀለም ትበላለች። በታተመው ላይ መጀመሪያ የሚለቁት ቢጫውና ቀዩ ናቸው፤ ሰማያዊው ይቀራል። ልጁ ሰማያዊ ፊት ይዞ ይቀራል ማለት ነው። ይህን ማየት ለእናት ምን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

መለያው አሁንም አሴቶን ነው። ከናሙናው ጠርዝ አንዷን ጥግ በጥጥ ይጥረጉ። የተተኮሰው ምንም አይሆንም፤ የታተመው ይለቃል። ባለ ሱቁ «አይነካካ» ካለ መልሱን ሰጥቷል። በመርፌ ጫፍ ጠርዙን መጫርም ያው ነው። ምድጃ የሌለው ሱቅ ሥራውን ለሌላ ስለሚያስተላልፍ ጊዜ ይወስዳል፤ «ነገ ይደርሳል» የተባለ ሴራሚክ ፎቶ በአብዛኛው የተተኮሰ አይደለም።

የተለመዱት ሞላላ መጠኖች 9 በ12፣ 11 በ15 እና 13 በ18 ሳንቲ ናቸው። ለሕፃን 9 በ12 እንመክራለን፤ የስልክ ፎቶ ከዚያ በላይ ሲለጠጥ ስለሚደበዝዝ ነው። ጥርት ብሎ እንዲወጣ በ300 ነጥብ በኢንች ሒሳብ 9 በ12 ወደ 1,060 በ1,420 ፒክስል ይፈልጋል፤ 13 በ18 ደግሞ 1,535 በ2,126። እዚህ ላይ ዋናው ጥፋት የሚመጣው ከቴሌግራም ነው። ፎቶው እንደ ተራ ምስል ሲላክ ረጅሙ ጎን ወደ 1,280 ፒክስል ይወርዳል፤ ከዚያ ላይ ከቤተሰብ ፎቶ የልጁ ፊት ብቻ ተቆርጦ ሲወጣ የሚቀረው ጥቂት መቶ ፒክስል ነው። መፍትሔው ከመጀመሪያው ስልክ እንደ ፋይል መላክ ነው። የሞቱን ማግስት ሰው ሁሉ የሚቀባበለውን ፎቶ አይስጡ፤ ያ አሥር ጊዜ ተጨምቋል። እናቲቱን ማስቸገር ከከበደ የመጀመሪያውን ምስል ያነሣውን ሰው ይፈልጉ፤ ብዙውን ጊዜ አክስት ወይም ጎረቤት ናት።

በኮምፒውተር «እናጠራዋለን» የሚለውን አገልግሎት በጥንቃቄ ይውሰዱ። የአሁኖቹ ማጥሪያዎች ያልነበረ ጥርስ፣ ያልነበረ ሽፋሽፍት ይፈጥራሉ፤ የሕፃን ፊት ለስላሳ ስለሆነ ትንሽ ለውጥ ሌላ ልጅ ያደርገዋል። ማስተካከል የሚገባው ብርሃኑን፣ ከጀርባ ያለውን ዕቃና የሰው እጅን ነው። ዓይንና አፍ አይነካም። የተስተካከለውን ከመጀመሪያው ጎን ለጎን አስቀምጠው ልጁን አሳምሮ ለሚያውቅ ሰው ያሳዩ።

ሌዘር ሌላው ምርጫ ነው። ሌዘሩ የተወለወለውን ጥቁር ግራናይት በነጥብ በነጥብ እየሰባበረ ነጣ ያደርገዋል፤ ጥቁሩ ድንጋይ ጥላ፣ የተመታው ብርሃን ይሆናል። ጥሩ ባለሙያ እጅ ላይ ሲወድቅ እጅግ ያምራል፣ ለፀሐይም አይበገርም። ግን ሁለት ነገር አለ። የመጀመሪያው ሲረጥብ ይጠፋል፤ በክረምት ዝናብ ሥር ምስሉ ጭራሽ አይታይም፣ ሲደርቅ ይመለሳል። የሻማ ሰም ወይም ዘይት ከፈሰሰበት ግን ለመመለስ ያስቸግራል።

ሁለተኛው የቆዳና የፀጉር ቀለም ነው፤ በአገራችን ሌዘር ሥራ ላይ በጣም የሚበላሸው ይህ ሆኖ ሳለ ማንም አያነሣውም። ጠይም ልጅ ፎቶው እንዳለ ከተሰጠ ፊቱ ከድንጋዩ ጋር ይዋሃዳል። ይህን የፈራ ኦፐሬተር ደግሞ ብርሃኑን አብዝቶ ልጁን ዱቄት የተነሰነሰበት ያስመስለዋል። ጥቁር ፀጉር በጥቁር ጀርባ ላይ ፈጽሞ ስለሚጠፋ ፊቱ ብቻውን እንደ ጭንብል ተንጠልጥሎ ይቀራል። የክርስትና ነጭ ልብስ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ተመትቶ ዝርዝር የሌለው ነጭ ጨርቅ ይሆናል። ስለዚህ ሦስት ነገር ይዘዙ፦ ከጭንቅላቱ ዙሪያ ጀርባው ግራጫ ተደርጎ ቀስ በቀስ ወደ ጥቁር ይሂድ፤ የፊቱ መካከለኛ ቀለም ተነሥቶ ጥላው ግን ይቆይ፤ የነጩ ልብስ እጥፋት እንዲታይ ኃይሉ ይቀነስ። ከዚያ በዚያው ድንጋይ ቁራጭ ላይ ፊቱ ብቻ በ10 ሳንቲ ተሠርቶ ይታይ። ይህን ሙከራ በነጻ የሚሠራ ቤት ካገኙ ሌላ አይፈልጉ፤ የሚያስከፍልም ቢሆን ይክፈሉ።

የተሰጠው ፎቶ ብዥ ያለ ብቻ ከሆነ፣ የአራስ ከሆነ፣ ወይም የሆስፒታል ቱቦ የሚታይበት ከሆነ፣ የኛ ምክር ፎቶውን መተው ነው። ስሙ በትልቁ፣ ከላይ መስቀል፣ ቦታው ክፍት ቢሆን የበለጠ ያስከብራል። ስቲከር ሆኖ የሚለጠፈው ኪውአር ኮድም አንድ ክረምት አይሻገርም፤ በድንጋይ ላይ ቢቀረጽም የሚያመለክተው ገጽ ክፍያው ሲቋረጥ ይጠፋል።

ጽሑፉ ላይ ድንጋይ ቤቶች ተመሳሳይ ስሕተት ይሠራሉ፤ ምክንያቱም ከቀደመው ደንበኛ ፋይል ላይ ስም እየቀየሩ ነው የሚሠሩት። ለሴት ልጅ «ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ»፣ «ነፍሱን በገነት ያኑር» ተጽፎ የቀረ ሐውልት ጥቂት አይደለም። ግሡንና ተውላጠ ስሙን አንድ በአንድ ይዩ፦ ተለየች፣ ነፍሷን፣ ወላጆቿ። «ሕፃን» የሚለው ከስሙ በፊት ይግባ፤ አቶና ወጣት የሚለው ከሌላ ሰው ሐውልት ተርፎ እንዳይመጣ። ሐ እና ሀ፣ ፀ እና ጸ፣ ሠ እና ሰ ላይ ድንጋይ ቆራጩ ግድ የለውም፤ ቤተሰቡ የልጁን ስም እንዴት ይጽፍ እንደነበር ከክትባት ካርዱ ወይም ከልደት ምስክር ወረቀቱ ይውሰዱ።

የክርስትና ስሙም ከሥር ቢጻፍ ጥሩ ነው። በጸሎት የሚጠራው በዚያ ስም ነው፤ ከዓመታት በኋላ ተዝካር የሚያወጣ ዘመድ ድንጋዩን አይቶ ለካህኑ ሊሰጥ ይችላል። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ስለሚነሡ፣ ከዚያ በፊት ላረፈ አራስ ይህ መስመር ላይኖር ይችላል። ባለ ሱቁ በልማድ «ወልደ» ወይም «ወለተ» ብሎ እንዳይሞላው።

ቀኑ ላይ ይጠንቀቁ። የሆስፒታል ወረቀት ብዙ ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ድንጋይ ቤቱም 7 ይቀንስና ይጽፋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ 7 ትክክል ነው፤ ፈረንጆቹ ጃንዋሪ ከገቡ በኋላ እስከ ጳጉሜን ግን 8 ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 2020 የተወለደ ልጅ ልደቱ ጥር 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ሰባት የሚቀንሰው 2013 ይለዋል። የቀኑን ልዩነት በልማድ የሚያሰላ ደግሞ ጥር 5 ይላል፤ የ2011 ጳጉሜን ስድስት ቀን እንደነበራት ረስቶ። ለሰባ ዓመት አዛውንት አንድ ዓመት አይታወቅ ይሆናል። ሐምሌ 19 ቀን 2015 ያረፈ ልጅ ግን የኖረው 3 ዓመት ከ6 ወር ነው፤ ድንጋዩ ሁለት ዓመት ተኩል ካለ ከዕድሜው ብዙ ተነጠቀ። በግዕዝ ቁጥር ማስጻፍ የሚፈልጉ ደግሞ መቶዋን አይርሱ፦ ፳፻፲፪ ነው የሚባለው፤ ፳፲፪ ወይም ፪፩፪ ተብሎ የተቀረጸ አለ፣ ሁለቱም ዓመት አይደሉም።

ጥቅሱ አጭር ይሁን። ለሕፃን በብዛት የሚመረጠው ከማቴዎስ 19፥14 ነው፦ «ሕፃናትን ተዉአቸው፥ ወደ እኔም ይመጡ ዘንድ አትከልክሉአቸው»። ይህ ብቻውን ክፍተቱ ሲቆጠር 37 ቦታ ይይዛል። በሁለት ሳንቲ ፊደል በ80 ሳንቲ ድንጋይ ላይ አንድ መስመር ይሞላል፤ ፎቶ በጎን ካለ አይገባም፣ ስለዚህ ለሁለት ይከፈል። ቦታ ሲጠብ ድንጋይ ቤቱ ፊደሉን ያሳንሳል፤ ከሁለት ሳንቲ በታች ሲሆን ደግሞ በስቴንስሉ (ፊደሉ ተቆርጦ ለአሸዋ ግፊቱ ድንጋዩ ላይ በሚለጠፈው ሽፋን) ላይ የዐ፣ የፀ፣ የቀ የውስጥ ክብ እየተላቀቀ ይወድቅና ፊደሉ ጉድጓድ ሆኖ ይወጣል። ሙሉ የሐዘን ግጥም የተጻፈበት ሐውልት የማይነበበው በዚህ ነው። በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር ላረፈው ለዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ለልዑል ዓለማየሁ በዊንዘር የተደረገለት የናስ ሰሌዳ ከማቴዎስ 25፥35 የተወሰደ አንድ ዐረፍተ ነገር ይዟል፦ እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል። ስለዚያ ልጅ ከዚህ በላይ የሚናገር ረጅም ጽሑፍ መጻፍ ይከብዳል።

በጥቁሩ ድንጋይ ላይ ፊደሉ የሚሞላበት ቀለም ነጭ ይሁን። ወርቅማው በአብዛኛው የናስ ዱቄት ስለሆነ አየርና እርጥበት ያጠቁረዋል።

የመሬቱን ሥራ ድንጋይ ቤቱ እንደ ትርፍ ነገር ያየዋል፤ ሐውልት የሚያጋድለው ግን በእሱ ነው። አዲስ የተቆፈረ አፈር ቢያንስ አንድ ክረምት ሳያልፍበት አይረጋም። ጥቁሩ መረሬ አፈር ባለበት ደግሞ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ያለውን ሁሉ ያነሣል ይጥላል። ስለዚህ ለአርባ ማድረስ የሚባለውን ጥድፊያ አንደግፍም። ለአርባው 60 ሳንቲ የሚሆን የጽድ እንጨት መስቀል፣ ስምና ቀን የተቀረጸበት፣ ይተከል፤ ድንጋዩ ለሙት ዓመቱ ይድረስ። ቤተሰቡ ይህን ከሰማ በኋላም ለአርባው ከፈለገ፣ ድንጋዩ በአሸዋ ላይ ብቻ ይቀመጥና ከክረምት በኋላ ተነሥቶ በኮንክሪት ይሠራ፤ ይህ ሁለተኛ ሥራ በውሉ ላይ ይጻፍ።

ኮንክሪቱ አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ አራት ጠጠር፤ ውፍረቱ 10 ሳንቲ፤ በየ20 ሳንቲው ባለ 8 ሚሊ ፌሮ። ከጉድጓዱ ጠርዝ በየአቅጣጫው 20 ሳንቲ ወጥቶ ባልተቆፈረ መሬት ላይ ይረፍ፤ ይህን የሚዘል ሠራተኛ ሌላውን ሁሉ በከንቱ ይሠራዋል። ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ እየጠጣ ይቆይ። ድንጋዩ ሲቀመጥ በውሃ ልክ ፍጹም ጠፍጣፋ አይሁን፤ በሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ወደ እግርጌ ቢያዘነብል ዝናብ አይተኛበትም። የቆመ ሐውልት ከሆነ ሁለት የማይዝግ ብረት ካስማ፣ ባለ 12 ሚሊ፣ ወደ ድንጋዩም ወደ መሠረቱም 10 ሳንቲ ይግባ። በማጣበቂያ ብቻ የቆመ ድንጋይ ሕፃናት በሚጫወቱበት ቅጥር ውስጥ አደጋ ነው።

አገልግሎቱ ራሱ እንዴት ነው? ሰዎቹ በአብዛኛው ትሑት ናቸው፣ ለሐዘንተኛ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ለሕፃን ሲሆን ዋጋ የሚቀንሱም አሉ። ድክመቱ ወረቀት ላይ ነው። ውል የሚባለው የደረሰኝ ጀርባ ላይ የተጻፈ ስምና ስልክ ነው። እርስዎ ይዘው ይግቡ፦ የድንጋዩ ዓይነት፣ ርዝመት፣ ወርድ፣ ውፍረት፤ የፊደል ጥልቀት፤ ፎቶው የተተኮሰ መሆኑ፤ መሠረቱን ማን እንደሚሠራ፤ ሲጓጓዝ ቢሰበር የማን እንደሆነ፤ ቀን። ቀብዱ ከግማሽ አይብለጥ፤ ቀሪው ድንጋዩ ከተተከለ በኋላ ይከፈል። ቅርጹ ሳይጀመር ጽሑፉ በትክክለኛው መጠን በወረቀት ታትሞ ይምጣ። በስልክ የተላከ ምስል አይበቃም። ወረቀቱን ጽሑፉን የማያውቅ ሌላ ሰው ጮክ ብሎ ያንብበው፤ የሚያውቅ ሰው ስሕተቱን አርሞ ነው የሚያነበው። ከዚያ ይፈርሙበት፣ አንዱን ቅጂ ይያዙ።

ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ሆነው እዚያው ለሚያሠሩ ቤተሰቦች አንድ የተለየ ነገር አለ። የዚያ አገር ድንጋይ ሠሪ አማርኛ አያነብም፤ የተላከለት ፋይል በድሮዎቹ የፓወር ግዕዝ ዓይነት ፊደሎች ከተጻፈ በእሱ ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ሆኖ ይከፈታል፤ ወይም የፊደል ገበታው ስለሌለው ባዶ ሣጥኖች ይሆናል። በዩኒኮድ ፊደል፣ ለምሳሌ በኒያላ ወይም በኖቶ፣ ይጻፉና ፊደሉን ወደ መስመር ቅርጽ አስቀይረው በፒዲኤፍ ይላኩ። ሲመለስ የመስመር አሰባበሩን ይዩ፤ ቃል ከመካከሉ ተቆርጦ ወደ ታች የወረደበት አለ። ብዙ የአሜሪካ መቃብር ቦታዎች ሣር ማጨጃው እንዲያልፍ ከመሬት እኩል የሆነ ሰሌዳ ብቻ ስለሚፈቅዱ ፎቶው ጠልቆ ካልተገጠመ አይቆይም።

ስለ እንክብካቤው ድንጋይ ቤቶች የሚሰጡት ምክር አብዛኛው ጎጂ ነው። ሊሾ የሚታጠብበት አሲድ ለእምነበረድ መርዝ ነው፤ በረኪናም እንዲሁ። ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ለስላሳ ብሩሽ፤ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማለቅለቅ። ጧፍና ሻማ በድንጋዩ ላይ ሳይሆን በጎኑ በአሸዋ በተሞላ ጣሳ ውስጥ ይብራ፤ ከፎቶው ሥር የበራ ሻማ ሴራሚኩን ይሰነጥቃል፣ ጥላሸቱም በፊቱ ላይ ይቀራል። የፈሰሰ ሰም በቢላ አይፋቅም፤ ሲቀዘቅዝ በፕላስቲክ ካርድ ጠርዝ ይነሣል። የሰው ሠራሽ አበባ ጉንጉን ሽቦው ስለሚዝግ ከሰኔ በፊት ይነሣ። አሻንጉሊትና መኪና የሚያስቀምጡ ቤተሰቦች ብረት ያለበትን ትተው የእንጨት ወይም የፕላስቲኩን ቢያኖሩ ድንጋዩ አይበከልም።